እምቢ የማይል ፊልም፦ ስለ «ፌሲንግ ዘ ጃያንትስ» የቀረበ ሒስ

አንድን ፊልም ከማየታችን በፊት የምናሳድረው ተስፋ፣ ካየነው በኋላ ከምንሰጠው ፍርድ ጋር ምን ያህል ግንኙነት እንዳለው ብዙ ጊዜ አይመረመርም። ሐያሲው ሥራውን የሚጀምረው መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲጀመር ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥቂት ቀደም ብለን፣ ማለት ተመልካቹ ፊልሙን በናፍቆት ከሚጠብቅበት ጊዜ መነሣት ፈልገናል። ለምርመራችንም ከታላላቆቹ የሆሊውድ ድርጅቶች ውጭ ተሠርተው፣ መንፈስን ያነቃቃሉ እምነትንም ያጸናሉ ተብለው ከሚጠበቁት ፊልሞች አንዱን መርጠናል። ይኸውም በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የወጣው «ፌሲንግ ዘ ጃያንትስ» ነው፤ ስሙ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ግዙፎችን መጋፈጥ» እንደ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ፊልም ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን፣ የመጨረሻው ብሔራዊ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፊልሙ በአዳራሹ እንደሚታይ ተነገረን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ከእኛ በፊት ያዩት ልጆች ግማሹን እየተረኩ፣ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን «ራሳችሁ ታዩታላችሁ» እያሉ ዝም ይሉ ነበር። ቀኑ ሲደርስ አግዳሚ ወንበሮቹን ከየክፍሉ ተሸክመን አመጣን፤ በግድግዳው ላይም ነጭ አንሶላ ተወጠረ። ፊልሙ ሲያልቅ ከመካከላችን ዐይኑ ያላረገዘ ጥቂት ነበር። በማግሥቱ ብዙዎቻችን በደብተራችን ሽፋን ላይ የአሠልጣኙን ምክር እንደ መሪ ቃል ጽፈን መጣን። የዚያን ሌሊት ደስታ ዛሬም አንክደውም። ከዚያ በኋላ የሆነ አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱን በቦታው እንናገራለን።

በቅድሚያ ስለ ፊልሙ አመጣጥ ጥቂት መናገር ይገባል። በጆርጂያ ግዛት፣ ኦልባኒ በምትባል ከተማ፣ ሼርዉድ የተባለ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለ። በዚያ ያገለግሉ የነበሩት አሌክስ ኬንድሪክና ስቲቨን ኬንድሪክ የተባሉ ወንድማማቾች በ2003 ዓ.ም. «ፍላይዊል» የተባለውን የመጀመሪያ ፊልማቸውን በ20 ሺህ ዶላር ገደማ ሠሩ። ታሪኩ ደንበኞቹን እያታለለ ይኖር ስለነበረና በኋላ ተጸጽቶ ያጭበረበረውን ገንዘብ ስለመለሰ የአሮጌ መኪና ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ሥራቸው «ፌሲንግ ዘ ጃያንትስ» 100 ሺህ ዶላር ያህል ብቻ የወጣበት ነበር። ድርሰቱን ሁለቱ ወንድማማቾች ጻፉት፤ አሌክስ ኬንድሪክ አዘጋጀው፤ የዋናውንም ሰው ሚና ራሱ ተጫወተ። ከተጫዋቾቹና ከሠራተኞቹ የሚበዙት በፈቃዳቸው የሠሩ የቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ነበሩ። ይህ ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ፣ ማለት ከወጪው መቶ እጥፍ ያህል፣ አስገባ። ከሙያ ውጭ የሆኑ ሰዎች፣ የራሳቸውን ከተማና የራሳቸውን ጎረቤት ይዘው፣ በታላቅ ገንዘብ ከሚሠሩት ጋር በአንድ አደባባይ መቆማቸው ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው።

ፊልሙ ገና ለሕዝብ ሳይታይ ወሬው ቀድሞት ሄዶ ነበር። በአሜሪካ አንድ ፊልም ለልጆች የሚሆን መሆኑንና አለመሆኑን እያየ ደረጃ የሚያወጣ የፊልም ሠሪዎች ማኅበር አለ። ማኅበሩ ለዚህ ፊልም ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲመክሩ የሚያሳስበውን ደረጃ ሰጠው። ወዲያው «ደረጃው የተሰጠው ፊልሙ ስለ እምነት ስለሚናገር ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። ማኅበሩ ምክንያቱ ይህ አይደለም ቢልም ክርክሩ እስከ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት ድረስ ዘለቀ። በዚህ ጊዜ ፊልሙን ማየት ተራ መዝናኛ መሆኑ ቀርቶ እንደ ምስክርነት ተቆጠረ። መስከረም 2006 ሊያልቅ ሲል በ441 ሲኒማ ቤቶች ሲከፈት፣ በየወንበሩ የተቀመጠው ሰው ፊልሙ ምን እንደሚል ለማወቅ የመጣ አልነበረም። ምን እንደሚል አስቀድሞ ያውቅ ነበርና፣ የመጣው ሲባል ለመስማት ነበር።

ይህ ዐይነቱ መጠበቅ ከዚያ ወዲህ እየበረታ ሄዷል። አብያተ ክርስቲያናት ቲኬት በጅምላ እየገዙ ምእመናናቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ቅዳሜና እሑድ ገቢ ፊልሙ በሲኒማ ቤቶች የሚቆይበትን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ስለሚወስን፣ ቀድሞ መሄድ እንደ ግዴታ ይታያል። ስለ ክርስቶስ ሕይወት በሚተርከው «ዘ ቾዝን» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ ደግሞ፣ የመጀመሪያው ክፍል በ2019 ከመታየቱ በፊት ብዙ ሺህ ተመልካቾች ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተው አስገብተዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ተመልካች ከውጭ ቆሞ የሚፈርድ እንግዳ አይደለም፤ ከፊልሙ ባለቤቶች አንዱ ነው። ፊልሙም የእርሱ ባለዕዳ ሆኖ ይወለዳል። ባለዕዳ ደግሞ ለባለገንዘቡ እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፦ በናፍቆት መጠበቃችን እነዚህን ፊልሞች አኑሯቸዋል፤ እምቢ እንዳይሉን አድርጎ ያሰራቸውም ይኸው መጠበቃችን ነው።

ይህን ለማስረዳት ወደ ታሪኩ እንግባ። ግራንት ቴይለር ሻይሎ በተባለ የክርስቲያን ትምህርት ቤት የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ ነው፤ ይህም ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ፣ በእጅ እየተያዘ የሚሮጥበት ጨዋታ ነው። ስድስት ዓመት ሲያሠለጥን አንድም የሰመረለት የውድድር ወራት የለም። መኪናው አሮጌ ነው፤ ከሚስቱ ጋር ልጅ ፈልገው አጥተዋል፤ ሐኪሙም ችግሩ ያለው በእርሱ ዘንድ መሆኑን ነግሮታል። የተማሪዎቹ አባቶች ደግሞ ከሥራው ሊያስወጡት በስውር ይመክራሉ። በዚህ ሁሉ መካከል አሠልጣኙ በጸሎት ይወድቃል፤ ከዚያም ተነሥቶ ቡድኑን በአዲስ ሐሳብ ይመራል። ዋናው ትምህርቱም ስናሸንፍም ሆነ ስንሸነፍ ምስጋናችን አይለወጥም የሚል ነው።

ከፊልሙ ውስጥ እጅግ የተዋጣለትን ክፍል ሳናመሰግን ብናልፍ ፍርደ ገምድል እንሆናለን። ብሮክ የተባለው የቡድኑ መሪ በልምምድ ላይ ሳለ የሚቀጥለውን ተጋጣሚ አናሸንፍም ብሎ ተስፋ መቁረጡን ይገልጻል። አሠልጣኙ ዐይኑን በጨርቅ ይሸፍንና፣ ጓደኛውን በጀርባው አሸክሞ፣ ጉልበቱ መሬት ሳይነካ በእጁና በእግሩ እንዲሳብ ያዘዋል። ልጁ እስከ ሜዳው እኩሌታ የሚደርስ መስሎት ይጀምራል። ክንዱ ይንቀጠቀጣል፤ ይጮኻል፤ አልችልም ይላል፤ አሠልጣኙም በአጠገቡ መሬት ላይ ወድቆ አብሮት እየተሳበ ያበረታዋል። ጨርቁ ሲነሣለት ከሜዳው መጨረሻ ደርሷል፤ 100 ያርድ፣ ማለት 91 ሜትር ያህል ሄዷል። ይህ ትርኢት ልብ የሚነካው ለምን እንደ ሆነ ልብ እንበል። በዚህ ቦታ ማንም ምንም አልሰጠውም። ድካሙ የራሱ ነው፤ የሄደበትንም መንገድ እኛ ከእርሱ ጋር ስንቆጥር ነበር። ዋጋው ሲከፈል ስላየን ውጤቱን አመንነው።

የቀረው የፊልሙ ክፍል ግን በዚህ ሚዛን ሲመዘን ይቀላል። በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ወደ አሠልጣኙ መጥተው ስለ ሁለት ገበሬዎች ይተርኩለታል። ሁለቱም ዝናብ እንዲዘንብ ጸለዩ፤ መሬቱን አርሶ ያዘጋጀው ግን አንደኛው ብቻ ነው፤ እንግዲህ በእውነት ያመነው የትኛው ነው? ምሳሌው መልካም ነው፤ ሰነፍን ይገሥጻል። ነገር ግን ከገበሬ አገር የመጣ ተመልካች ሊጠይቀው የሚገባ ሦስተኛ ገበሬ አለ፤ እርሱም የጸለየው፣ ያረሰው፣ የዘራውና ዝናቡ የቀረበት ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በወሎና በትግራይ የተራበው ገበሬ ብዙው ሞፈሩን ሰቅሎ የተኛ ሰው አልነበረም፤ አርሶና ምሕላ ይዞ ሰማይ ሰማዩን ሲመለከት የከረመ ነበር። የሽማግሌው ምሳሌ ለዚህ ሰው ቦታ የለውም። ፊልሙም እንደ ምሳሌው ነው።

ይህ ያለ ማስረጃ እንዳይቀር ሁለት ቦታዎችን እንጥቀስ። አሠልጣኙ ብንሸነፍም እናመሰግናለን ካለ በኋላ ቡድኑ በማጣሪያው ግጥሚያ በእርግጥ ይሸነፋል። ተመልካቹ አሁን ቃሉ በተግባር የሚፈተንበት ሰዓት ደረሰ ብሎ ይጠብቃል። ብዙም ሳይቆይ ግን ያሸነፈው ቡድን ዕድሜያቸው ያለፈ ልጆች አሰልፎ መገኘቱ ተነግሮ ከውድድሩ ይወጣል፤ ተሸናፊዎቹም በቦታው ይገባሉ። ሁለተኛው ከዚህ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። የአሠልጣኙ ሚስት ለምርመራ ወደ ክሊኒክ ትሄዳለች፤ አልጸነስሽም ይሏታል። ወጥታ በመኪና ማቆሚያው ቦታ ብቻዋን ስትቆም፣ ልጅ ባይሰጣትም አምላክዋን መውደድዋ እንደማይቀር እያለቀሰች ትናገራለች። ዐረፍተ ነገሩን ከጨረሰች በኋላ ነርሷ እየሮጠች ትመጣለች፤ ውጤቱ የተነገራት በስሕተት ነው፤ ፀንሳለች። እንግዲህ በዚህ ፊልም ውስጥ እምነት በእውነተኛ እጦት ፊት የሚቆመው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ እጦቱ የመዝገብ ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

የቀረውም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። አሠልጣኙ ሰጪው ያልታወቀ አዲስ መኪና ይቀበላል፤ ሥራው ይጸናል፤ የተማሪዎቹ ጠባይ ይለወጣል። በመጨረሻው ግጥሚያ፣ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ከሆነው ቡድን ጋር ሲጫወቱ፣ ከዚያ በፊት ብዙ ያልሆነለት ትንሹ ዴቪድ ኳሱን ከ51 ያርድ መትቶ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ያሳልፋል፤ አካለ ስንኩል አባቱም ከተሽከርካሪ ወንበሩ ተነሥቶ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ይታያል። እነዚህ ነገሮች አይሆኑም አንልም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሊሆን ይችላል። ሁሉም በአንድ የውድድር ወራት ውስጥ፣ ለአንድ ሰው፣ ከጸሎቱ በኋላ ተራ በተራ ሲደርሱ ግን ተመልካቹ የሚማረው አሠልጣኙ በቃል ያስተማረውን አይደለም። ቃሉ ቢሸነፉም አመስግኑ ይላል፤ ታሪኩ ግን ካመሰገናችሁ አትሸነፉም ይላል። ተመልካች ደግሞ ከቃል ይልቅ ታሪክን ያምናል።

ቀደም ብለን በቦታው እንናገራለን ያልነው እዚህ ላይ ነው። በዚያ አዳራሽ ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጓደኛ ነበረን፤ የገበሬ ልጅ ነው። ከፊልሙ በኋላ ከሁላችን ይልቅ የተጋው እርሱ ነበር። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት እየተነሣ ያጠና ነበር፤ ጸሎቱንም አላስታጎለም። ውጤቱ ሲመጣ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላገኘም። አላለቀሰም፤ ማንንም አላማረረም። «አንድ ቦታ ላይ ተጠራጥሬ መሆን አለበት» ብቻ አለን። ከዚያም የተጠራጠረበትን ሌሊት ለማግኘት ያለፉትን ወራት ወደ ኋላ እየቆጠረ ሲያስብ አየነው። ፊልሙ እንዲህ በል አላለውም፤ በዚህ አንከስሰውም። ነገር ግን በዚያን ሰዓት የሚለውን ሌላ ቃል አላስተማረውም። ነርሷ ለእርሱ ሮጣ አልመጣችም፤ ነርሷ ካልመጣች ሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ፊልሙ አላሳየውም ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ እንደሚችል እናውቃለን። ኢዮብስ በመጨረሻ ያጣው ሁሉ እጥፍ ሆኖ አልተመለሰለትምን? በየገድላቱስ ለጻድቁ ቃል ኪዳን አይሰጠውምን? እውነት ነው። ነገር ግን መጽሐፈ ኢዮብ 42 ምዕራፍ ሲሆን፣ የመመለሱ ነገር የሚነገረው በመጨረሻው ምዕራፍ በጥቂት ቍጥሮች ነው፤ የሚበዛው ክፍል ሰውየው በዐመድ ላይ ተቀምጦ የሚሟገትበት ነው። ያን ሁሉ ምዕራፍ ከእርሱ ጋር ያልተቀመጠ አንባቢ የመጨረሻውን ደስታ አይገባውም። ደግሞም ሌሎች ልጆች ተወለዱለት እንጂ የሞቱት አልተነሡም። በገድላቱም ቃል ኪዳኑ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ጻድቁ ተጋድሎውን ሲፈጽም፣ በዕለተ ሞቱ ነው። ስለዚህ ክርክራችን መልካም ፍጻሜ ለምን ኖረ የሚል አይደለም። ክርክራችን ፊልሙ በዐመዱ ላይ የማይቀመጥ ስለ ሆነ ነው።

ወንድማማቾቹ ራሳቸው ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም ብለን እንገምታለን። በ2008 ዓ.ም. ስለ እሳት አደጋ ተከላካይና ስለሚፈርስ ትዳሩ የሚተርከውን «ፋየርፕሩፍ»ን ሠሩ፤ በ500 ሺህ ዶላር ተሠርቶ ከ33 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በ2011 ዓ.ም. በወጣው «ከሬጅየስ» ግን አንድ ደፋር እርምጃ ወሰዱ። የፖሊሱ ትንሽ ልጅ ሰክሮ በሚነዳ ሰው መኪና ተገጭታ ትሞታለች። ልጅቱ አትመለስም፤ ስሕተት ነበር ብሎ የሚመጣም የለም፤ አባትየው ከሐዘኑ ጋር መኖርን ይማራል። በእኛ አስተያየት ከሥራዎቻቸው ሁሉ ወደ እውነት የቀረበው ይህ ነው። ተመልካቹም አልሸሸውም፤ ፊልሙ ከ34 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ተመልካች እምቢ ሲሉት ይቆጣል የሚለው ፍርሃት ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ይሁን እንጂ በ2015 በወጣው «ዋር ሩም» እንደገና ወደ ቀድሞው ልማድ ያዘነብላሉ፤ ከመሥሪያ ቤቱ መድኃኒት የሰረቀው ባል ጥፋቱን ሲናዘዝ በሕግ ሳይከሰስ ይቀራል።

ሦስተኛውን ገበሬ ያሳየን ፊልም ግን አለ፤ የሠራውም ሌላ ሰው ነው። ቴሬንስ ማሊክ በ2019 ዓ.ም. ያወጣው «ኤ ሂድን ላይፍ» ስለ ፍራንትስ ዬገርሽቴተር ይተርካል። ይህ ሰው በኦስትሪያ ራዴጉንድ በተባለች መንደር ይኖር የነበረ በእውነት ገበሬ ነው። ለሂትለር ታማኝነቱን በመሐላ እንዲያረጋግጥ ሲጠየቅ ሕሊናዬ አይፈቅድም አለ። ጎረቤቶቹ ቤተሰቡን አገለሉ፤ ሞቱ ማንንም እንደማይጠቅምና ጦርነቱንም እንደማያስቆም ነገሩት። ነሐሴ 1943 በሞት ተቀጣ። ሚስቱ ከሦስት ሴቶች ልጆችዋ ጋር እርሻውን እያረሰች ቀረች። ፊልሙ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው ነው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ምሕረት ይዞ የሚሮጥ መልእክተኛ አይመጣም። ያም ሆኖ ከሲኒማ ቤት የሚወጣው ሰው ተስፋ ቆርጦ አይወጣም፤ ምንም ያልተከፈለው እምነት ምን ያህል ጽኑ እንደ ሆነ አይቷልና። ነገር ግን ይህን ፊልም በጅምላ ቲኬት ገዝቶ የጠበቀው ሕዝብ አልነበረም፤ ገቢውም በ100 ሺህ ዶላር ከተሠራው ከ«ፌሲንግ ዘ ጃያንትስ» እንኳ ያነሰ ሆነ።

እንግዲህ ጥፋቱን ሁሉ በሠሪዎቹ ላይ ብንጭን አግባብ አይሆንም። የኦልባኒ ምእመናን ካሜራ ተበድረውም ሆነ ገዝተው፣ የሚያምኑትን ለጎረቤቶቻቸው ለመንገር ተነሡ፤ ይህን የሚነቅፍ እኛ አይደለንም። ልንመረምረው የሚገባን የእኛን የተመልካቾቹን መጠበቅ ነው። መንፈስን የሚያነቃቃ ፊልም መጣ ሲባል የምንጠብቀው ምንድን ነው? የምናምነው እውነት መሆኑን ማረጋገጫ ከሆነ፣ ፊልሙ በየጊዜው ማረጋገጫውን ይሰጠናል፤ እኛም አልቅሰን እንወጣለን። በዚያው ሳምንት ግን ፈተና የወደቀ፣ ልጁን የቀበረ ወይም ዝናብ የቀረበት ሰው ከመካከላችን አለ፤ እርሱ ከአዳራሹ የሚወጣው ጥፋቱን በራሱ ላይ ፈልጎ ነው።

ወደ መኪና ማቆሚያው ቦታ ተመልሰን ይህን ጽሑፍ እንጨርስ። ሴትዮዋ አልጸነስሽም ተብላ ወጥታለች፤ ብቻዋን ናት፤ ያም ሆኖ እወድሃለሁ ትላለች። በፊልሙ ሁሉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የእምነት ቃል የለም፤ የቆየው ግን ነርሷ ከበር እስክትደርስ ድረስ ብቻ ነው። ካሜራው ከእርሷ ጋር ጥቂት ቢቆይ፣ መኪናዋን አስነሥታ ወደ ቤትዋ ስትሄድ፣ ለባልዋ ስትነግረው፣ በማግሥቱም ተነሥታ ቁርስ ስትሠራ ቢያሳየን ኖሮ፣ ፊልሙ የራሱን ትምህርት ይታዘዝ ነበር። እኛ አሁን በናፍቆት የምንጠብቀው እንዲህ ያለውን ፊልም ነው። ሲመጣም አግዳሚ ወንበር ተሸክመን ለመሄድ፣ ያንን ጓደኛችንንም ጠርተን በአጠገባችን ለማስቀመጥ ዝግጁ ነን።